የማህፀን እጢ እና አልትራሳውንድ፦ ከቦይለር ፋብሪካ የተጀመረው ምርመራ



«አልትራሳውንድ ላይ እጢ ታይቷል» ተብለው ደንግጠው ያውቃሉ? ይህ ምርመራ እንዴት እንደተጀመረ ማወቅ ውጤትዎን ተረጋግተው ለመቀበል ይረዳዎታል።

ቀደም ባለው ዘመን አንዲት ሴት ሆዷ አብጦ ስትመጣ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ ይገምት ነበር። እብጠቱ ጠጣር እጢ ይሁን ውሃ የቋጠረ ከረጢት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሆዷ ከተከፈተ በኋላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1955 የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በቀዶ ሕክምና የወጡ የማህፀን እጢዎችንና የእንቁላል ማምረቻ ከረጢቶችን በመኪና ጭነው ወደ አንድ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ ነበረው። ውሃ የቋጠረው ከረጢት ድምፁን አሳለፈ፤ ጠጣሩ እጢ ግን ከውስጡ እየመለሰ አስተጋባ። ሁለቱ ሳይቀደዱ ተለዩ!

ከዚያም ከኢንጂነር ቶም ብራውንና ከዶ/ር ጆን ማክቪካር ጋር ሆነው ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1958 በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ «የማይድን የጨጓራ ካንሰር» ተብላ ተስፋ የተቆረጠባት ነበረች። አልትራሳውንዱ ግን ውሃ የቋጠረ ከረጢት መሆኑን አመለከተ፤ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት ዳነች።

የበሽታ ስም ከበሽታው በላይ ሊጎዳ እንደሚችል የዘነበወርቅ ሰፈር ያውቃል። ሰፈሩ ስሙን የያዘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተቋቋመውም እዚያው ነው። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ ብዙዎች ከዳኑ በኋላም በስሙ ብቻ ተገልለዋል። «እጢ» የሚለው ቃልም ብዙ ሴቶችን አስፈርቶ ከምርመራ ያስቀራል። የማህፀን እጢ (ማዮማ) ግን በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ማህፀን ይውጣ ማለትም አይደለም። ምልክት ከሌለው ክትትል ብቻ ሊበቃው ይችላል።

ውጤትዎን ሲቀበሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦

✅ እጢው ስንት ነው?
✅ መጠኑ ምን ያህል ነው?
✅ የት ነው ያለው? ወደ ማህፀን ውስጠኛ ክፍል የገባ ትንሽ እጢ፣ ወደ ውጭ ካደገ ትልቅ እጢ ይልቅ ብዙ ደም ሊያፈስ ይችላል።

አልትራሳውንድ ብቻውን ካንሰርን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ስለዚህ ካረጡ በኋላ ደም ከታየዎት፣ የወር አበባዎ ከ7 ቀን በላይ ከቆየ ወይም እጢው በፍጥነት ካደገ ሳይዘገዩ የማህፀን ሐኪም ያማክሩ። ፓድ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ደም ወይም ራስ ማዞር ካለ ዛሬውኑ ይሂዱ።

ለእናትዎ፣ ለእህትዎ ያጋሩ። መልካም ጤንነት!