የዘመኑን ሙዚቃ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የቀረበ መረጃ

ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ሙዚቃ ለብቻው አይሰጥም፤ ከቴአትር፣ ከውዝዋዜና ከሥዕል ጋር ተጣምሮ «የክወናና የእይታ ጥበባት» በሚል መጠሪያ ይሰጣል። በዚህ ትምህርት ተማሪዎች ከመዘመርና ከማጨብጨብ አልፈው ሙዚቃን በጥሞና እንዲያዳምጡ፣ የተሠራባቸውን ነገሮች እንዲለዩና ስለሰሙት ነገር በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ይደረጋል። መምህራን ለዚህ ተግባር ልጆቹ በቤት፣ በታክሲ፣ በሠርግና በስልክ ዘወትር የሚሰሟቸውን የዘመኑን ዘፈኖች ሊጠቀሙ ይችላሉ። ይህ አሠራር በአንዳንድ ወላጆች ዘንድ ጥያቄ ያስነሳል። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው ዘፈን ለመስማት ነው ወይ? ቤተሰቡ በእምነቱ ምክንያት የማያዳምጠውን ነገር ልጁ በክፍል ውስጥ ለምን ይሰማል? የሚከተለው መረጃ ትምህርቱ ምን እንደሚያካትትና ወላጆች በሂደቱ ያላቸውን ድርሻ ያብራራል።

ዘፈን መተንተን ማለት ምን ማለት ነው?

ዘፈን መተንተን ማለት ዘፈን ማድነቅ ማለት አይደለም፤ ማውገዝም አይደለም። አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «ይህ ዘፈን ያሳዝናል» ቢል ስሜቱን ተናገረ እንጂ ገና አልተነተነም። መምህሩ «ምኑ ነው ያሳዘነህ?» ብሎ ሲጠይቀውና ተማሪው «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ማሲንቆው ብቻውን ይሰማል» ብሎ ሲመልስ ግን ስሜቱን ከምክንያቱ ጋር አገናኘ። ትምህርቱ የሚፈልገው ይህንን ነው። የሰሙትን ከተሰማቸው ለይቶ ማየት ልጆች በንባብና በሳይንስ ትምህርትም የሚጠየቁት ችሎታ ሲሆን፣ በሙዚቃ በኩል ሲመጣ ፊደል በሚገባ ያልለየው ልጅ እንኳ ይሳተፍበታል።

የዘመኑ ዘፈን ለዚህ የሚመረጥበት ምክንያት ልጆቹ አስቀድመው የሚያውቁት በመሆኑ ነው። ያልሰሙትን ሙዚቃ ለመተንተን በመጀመሪያ ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል፤ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለዚህ አይበቃም። ልጆች በቃላቸው የያዙት ዘፈን ሲሆን ግን ሥራው ወዲያውኑ ይጀመራል። ዘፈኑን ትምህርት ቤቱ ቢተወውም ልጆቹ መስማታቸውን አይተዉም፤ የሚቀርባቸው ስለሰሙት ነገር የሚጠይቃቸው አዋቂ ብቻ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚከናወነው ሥራ

በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ትንተናው የሚካሄደው በአካል እንቅስቃሴ ነው። ልጆች በምቱ ይራመዳሉ፣ ሲፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሙዚቃው ሲቆም ይቆማሉ። በዚህ ዕድሜ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከፍ ባሉት ክፍሎች ልጆች የሚያውቁትን ነገር በስሙ መጥራት ይጀምራሉ። በልማድ ችክችካ የሚባለው ምት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በአንድ ዙር ውስጥ ስድስት ፈጣን ምቶች አሉ፤ እነዚህን በሦስት በሦስት ከፍሎ ሁለት ጊዜ፣ ወይም በሁለት በሁለት ከፍሎ ሦስት ጊዜ ማጨብጨብ ይቻላል። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወገን በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው መንገድ ሲያጨበጭብ ልጆች በእስክስታ ትከሻቸው የሚያውቀውን ነገር በጆሯቸው ይለዩታል። ለዚህ ሥራ እጅ እንጂ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ በሌለበትም ሆነ የተማሪ ቁጥር በሚበዛበት ክፍል ሊሠራ ይችላል።

ቅኝትም እንዲሁ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተዋቀሩ ናቸው። መምህሩ የትዝታን ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ካዜመ በኋላ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቢደግመው ልጆች ልዩነቱን ወዲያው ያስተውላሉ። የልዩነቱን ስም ማወቅ ለቀጣዩ ደረጃ ሊቆይ ይችላል።

ትዝታ የቅኝት ብቻ ሳይሆን የዘፈንም ስም ነው፤ ብዙ ድምፃውያን በየራሳቸው ግጥም ተጫውተውታል። ካሳ ተሰማ በክራር ተጫውቶታል። ጌታቸው ካሳ ደግሞ በዝግታም በፍጥነትም አስቀርጾታል። የጌታቸው ካሳን ሁለት ቅጂዎች አከታትሎ ማሰማት ፍጥነት የአንድን ዘፈን ስሜት እንዴት እንደሚለውጥ ከብዙ ገለጻ በተሻለ ያስረዳል፤ ድምፃዊው ያው አንድ ሰው ነውና ሌላ ሰበብ መፈለግ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ዛሬ ከሚሰሙት ዘፈን ጋር ማነጻጸር ይቻላል፦ ከበሮውን የሚመታው ሰው ነው ወይስ ማሽን? ዋሽንት የሚመስለው ድምፅ ዋሽንት ነው ወይስ ኪቦርድ? የድምፃዊው ድምፅ በኮምፒውተር ተስተካክሏል?

ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ «ይህ ድምፅ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ታሪክ ይመራል። በአማርኛ ዘፈኖች ውስጥ መለከትና ሳክስፎን የተለመዱበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የነሐስ ባንድ አቋቋሙ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ይህንን ድምፅ ወደ ሕዝባዊው ዘፈን አሻገሩት።

ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚያስገርማቸው ሌላ ነገር ዘፈን የድምፃዊው ብቻ አለመሆኑ ነው። በአገራችን አልበሞች ላይ የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶች ለየብቻ ይጠቀሳሉ። ተማሪዎች «የወደድከው ግጥሙን ነው፣ ዜማውን ነው ወይስ ቅንብሩን?» ተብለው ሲጠየቁ ፍርዳቸው እየጠራ ይሄዳል።

የግጥም ጉዳይ

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ግጥም ነው። አማርኛ በሰምና ወርቅ የሚናገር ቋንቋ በመሆኑ ላይ ላዩን ንጹሕ የሚመስል ስንኝ ለልጅ የማይገባ ወርቅ ሊይዝ ይችላል። ስለሆነም መምህሩ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስቀድሞ ማዳመጥ ይጠበቅበታል፤ አዝማቹን ብቻ ሰምቶ መምረጥ አያዋጣም። ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም ሴቶችን የሚያንቋሽሽ፣ ጥቃትን የሚያወድስ ወይም መጠጥንና ዕፅን የሚያስተዋውቅ ዘፈን ለክፍል አይቀርብም። የፍቅር ዘፈን በመሆኑ ብቻ ግን አንድ ዘፈን አይገለልም፤ ለታዳጊዎች በሚመጥን ቋንቋ የተገለጸ ናፍቆት ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። ቃሉ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ይመረጣል፤ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ለዚህ ምቹ ነው።

የእምነት ጥያቄ ያላቸው ቤተሰቦች

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 መሠረት ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጣል። ይህ ማለት ትምህርት ቤቱ ዘፈንን በመንፈሳዊ መመዘኛ አይከለክልም፤ በአንጻሩም የማንንም ልጅ እምነት አይነካም ማለት ነው። ዓለማዊ ዘፈን በቤታቸው የማይሰማ ልጆች በርካታ በመሆናቸው መምህሩ አንድ ዓይነት ዘፈን ብቻ ይዞ መቅረብ የለበትም። ምትን፣ ፍጥነትንና ቅኝትን ከእረኛ ዋሽንት፣ ከሥራ ዜማ ወይም ከእሹሩሩም መማር ይቻላል። ዘፈን መዝፈን የማይፈልግ ልጅ በማጨብጨብ ወይም የሰማውን በመግለጽ ሊሳተፍ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት በጓደኞቹ ፊት ሊሸማቀቅ አይገባም።

ምዘናና የወላጆች ድርሻ

ምርጫ አይመዘንም። አንድ ልጅ መላው ክፍል የወደደውን ዘፈን «አልወደድኩትም» ቢል ነጥብ የሚያገኘው በሚያቀርበው ምክንያት ነው። በቤት ውስጥም ወላጆች ተመሳሳይ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ፦ በመጀመሪያ የሰማኸው ድምፅ የቱ ነው? የትኛው ክፍል ተደጋገመ? አያቶች በወጣትነታቸው የሰሙትን ዘፈን ለልጆች ማሰማታቸውም ለክፍል ሥራው ግብዓት ይሆናል።

የመስማት ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ከትምህርቱ አይገለሉም፤ እጃቸውን በከበሮው ወይም በድምፅ ማጉያው ላይ አኑረው ምቱንና ፍጥነቱን በንዝረት ሊከታተሉ ይችላሉ። ወላጆች ይህንን ለመምህሩ አስቀድመው ቢያሳውቁ የመቀመጫ ቦታን ለማመቻቸት ይረዳል።

የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ ስለሚዘጋጁ ምሳሌዎቹ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። በክፍል የቀረበ ዘፈንን በተመለከተ ቅር የተሰኘ ወላጅ የዘፈኑን ርዕስና የቀረበበትን ቀን ይዞ በመጀመሪያ የክፍሉን መምህር፣ ቀጥሎም ርዕሰ መምህሩን ያነጋግራል። ጉዳዩ በዚህ ካልተፈታ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ ከዚያም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል።