የሥራ ቅንጅት በሰሜን ሸዋ፤ ከአንኮበር የእጅ ሥራ ቤቶች እስከ ደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ

ስለ ኢንዱስትሪ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው የመኪናው ብዛትና ወደ አገር የገባበት ዓመት ነው። የአንዱ ሥራ ውጤት ለሌላው ጥሬ ዕቃ እንዴት እንደ ሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህን ጥያቄ በግልጥ የሚያሳይ አንድ የገበታ ጨዋታ አለ። ኮርኔ ፋን ሞርሴል የተባለ የኔዘርላንድ ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ያወጣው ሲሆን ስሙ «ፋክተሪ ፈን» ይባላል። ተጫዋቾቹ የመኪና ሥዕል ያለባቸውን ጠፍጣፋ ካርቶኖች ይሻማሉ፤ እያንዳንዱም በፊቱ ባለው የፋብሪካ ገበታ ላይ ይደረድራቸዋል፣ በቧንቧም ያያይዛቸዋል። ቧንቧው ገንዘብ ያስወጣል፤ የአንዱ መኪና ውጤት ወደ ሌላው ሲገባ ግን ትርፍ ይገኛል። ስለዚህ መኪና መሰብሰብ ብቻውን አያሸንፍም፤ ማስማማት ያስፈልጋል። እኛም ይህንኑ ሕግ እንደ መለኪያ ይዘን የሰሜን ሸዋን የእጅ ሥራ ታሪክ ባጭሩ እንመለከታለን።

ከ1813 እስከ 1847 (እ.ኤ.አ.) ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር አንጥረኞችን፣ ሸማኔዎችን፣ ኮርቻ ሠሪዎችንና ጠመንጃ ጠጋኞችን ሰብስበው ያሠሩ ነበር። በ1839 ሸዋ የገባው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ክራፕፍ፣ በ1841ም የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ ስለ ንጉሡ ለእጅ ሥራ መትጋት ጽፈዋል። ንጉሡ ራሳቸው እየዞሩ ሥራውን ይጎበኙ ነበር። ይሁን እንጂ ሙያዎቹ በአንድ ግቢ ይሰብሰቡ እንጂ እርስ በርሳቸው የተያያዙ አልነበሩም። አንጥረኛውም ሸማኔውም ትእዛዝ የሚቀበለው ከንጉሡ ነው፤ የሠራውንም የሚያስረክበው ለንጉሡ ነው። እንግዲህ በጨዋታው ቋንቋ ስንናገር፣ ቧንቧው ሁሉ የሚደርሰው ወደ አንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ዲሜትሪዮስ የተባለ የውጭ አገር ሰው ለንጉሡ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ቀረ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሕዝቡ አዲስ ጥበብን ይጠላ እንደ ነበር ለማስረዳት ነው። እኛ ግን ይህ ፍርድ ሙሉ አይመስለንም። በቤተ መንግሥቱ ዱቄቱን የሚፈጩት ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሮች ናቸው። ድካማቸው በዋጋ አይቆጠርም ነበር። የማይቆጠርን ድካም የሚያቃልል መኪና ደግሞ ጥቅሙ ለባለቤቱ አይታየውም። ስለዚህ ወፍጮው ጠበቃ ያጣው በውግዘቱ ብቻ ሳይሆን በሥራው አደረጃጀት ውስጥ ቦታ ስላልነበረው ጭምር ነው ብለን እናምናለን።

ከቤተ መንግሥቱ ውጭ ግን ሥራ ከሥራ ጋር የተያያዘበት ሌላ ምሳሌ አለ፤ ይኸውም የመንዝ የሱፍ ሥራ ነው። በጉ ይሸለታል፣ ሱፉ ይጸዳል፣ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። በመጨረሻም ጨርቁ በውሃ እየተረገጠ ይጠብቃል። ባናውና በርኖሱ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። እዚህ የአንዱ ውጤት በእርግጥ ለሌላው ጥሬ ዕቃ ነው፤ ዳሩ ግን እርምጃው እኩል አይደለም። ሸማኔው የሚጨርሰውን ፈትል ለማዘጋጀት የብዙ ሴቶች እጅ ያስፈልጋል፤ ሴቲቱም የምትፈትለው ከውሃ መቅዳት፣ ከወጥ ቤትና ከልጅ በተረፋት ጊዜ ነው። የሥራው ሁሉ ፍጥነት የሚለካው በእንዝርቷ ነበር።

የደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. (በ1965 እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም ይህን ማነቆ ፈታው። ማበጠር፣ መፍተልና መሸመን በአንድ ጣራ ሥር ሆኑ፤ ብርድ ልብስም ተመረተ። ቦታውም የተስማማ ነበር፤ ከተማው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደሴ መንገድ ላይ ይገኛል፣ ዙሪያውም በግ የሚረባበት ደጋ ነው። ነገር ግን አንድ መያያዣ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። የመንዝ በግ ሱፍ ሸካራ ነው፤ የሚገኘውም ጥቂት ጥቂት በጎች ካሏቸው እጅግ ብዙ ገበሬዎች ነው። ይህን ሱፍ መሰብሰብና መለየት ከመኪናው የማያንስ ሥራ ነው፤ መኪናው ግን አይሠራውም።

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው አንድ ነገር እንረዳለን። የፋብሪካ ታሪክ ከአጥሩ በር አይጀምርም፤ ከእረኛውና ከፈታይዋ ይጀምራል። የዲሜትሪዮስን ስም ተጓዦች ጽፈውልናል፤ እርሱ ሊያሳርፋቸው ይችል የነበሩትን ሴቶች ስም ግን የጻፈ የለም። የሱፍ ፈታዮቹም ዕጣ እንዲሁ እንዳይሆን፣ ወደ መንዝና ወደ ተጉለት የሚሄዱ የትምህርት ጓደኞቻችን ለአንድ ባና ስንት እጅና ስንት ቀን ያስፈልግ እንደ ነበር ከእናቶች ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ ለኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ ታሪክ የጎደለውን ምዕራፍ ያስገኛሉ።