ርካሽ ጉዞ፣ ውድ መንገድ

የሚኒሶታ በጋ እንደ ሩቅ አገር እንግዳ ነው። ዘግይቶ ይመጣል፣ ሳንጠግበው ይሄዳል። በረዶው ቀልጦ ዛፉ ቅጠል ሲያወጣ የዚህ አገር ሰው ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ጋራዥ ውስጥ ያቆየውን አሮጌ መኪና አስነስቶ፣ ድንኳንና ስንቅ ጭኖ ወደ ሰሜን ይነዳል። ከእኛ መካከል ግን በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ኖረው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያውና ከሥራ ቦታቸው አልፈው የማያውቁ ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ገንዘቡስ? ጊዜውስ?»

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። የመኪና ጉዞም እንደዚሁ ነው። ብቻውን ለሚሸከመው ከባድ ነው፣ ለተጋሩት ግን ርካሽ ነው። ርካሽ ሆኖ የማያውቀው መንገዱ ነው። ዛሬ አንድ ጋን ቤንዚን ሞልተን የምንሄድበትን መንገድ ሌሎች በጉልበታቸው፣ በላባቸው፣ አንዳንዶቹም በደማቸው ከፍለውበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ሂሳብ ማስታወስ ነው። (ዓመቶቹ፣ ለይተን ካልጠቀስን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአገራችን እንጀምር። ወደ አዲስ አበባ የተደረገው የመጀመሪያው የመኪና ጉዞ የጓደኛሞች ጉዞ ነበር ማለት ይቻላል። በ1907 ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ሲድሊ የምትባል መኪና በመርከብ አስጭኖ ጂቡቲ አወረደ። አብረውት ዌልስ የሚባል መካኒክ፣ ጆርጅ እያሉ የሚጠሩት አንድ ሶማሌ እና ቡሊ የተባለ ውሻ ነበሩ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ስለዚህ የመኪና መንገድ በሌለበት በረሃውን፣ ወንዙንና ዳገቱን ማለፍ ግድ ሆነ። መኪናዋ በራሷ ኃይል የሄደችበት ቦታ እንዳለ ሁሉ፣ በሰው ጉልበት እየተገፋችና እየተጎተተች ያለፈችበትም ብዙ ነው። በመጨረሻ አዲስ አበባ ደርሳ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ተሳፈሩባት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል ሌላ መኪና ይዞ መጣ።

ስለ ቤንትሊ ጉዞ ክሊፎርድ ሃሌ በ1913 ለንደን ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። የመኪናዋ ስም፣ የባለቤቷ ስም፣ የውሻው ስም ሳይቀር ለትውልድ ተላልፏል። ገመድ ይዘው የጎተቱትን ሰዎች ግን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። መንገድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የነጂው ስም ይቀራል፣ የገፊው ይረሳል።

ቤንትሊ ከተጓዘ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ስደተኛን የሚመለከት ሌላ የመኪና ታሪክ ተጀመረ። ካርል ኤሪክ ዊክማን ከስዊድን የመጣ ወጣት ነበር። በሰሜን ሚኒሶታ በሂቢንግ ከተማ በብረት ማዕድን ማውጫ ሲሠራ ቆይቶ በ1914 ከሥራ ተቀነሰ። ከዚያም ሀፕሞቢል የሚባል መኪና ለመሸጥ ሞከረ፤ ገዢ አጣ። ሰባት ሰው የምትይዘው መኪና ቆማ ስትቀርበት ሌላ ዘዴ መጣለት። የማዕድን ሠራተኞችን ከሂቢንግ ሁለት ማይል ያህል ወደምትርቀው አሊስ ወደምትባል መንደር በነፍስ ወከፍ 15 ሳንቲም እያስከፈለ ማመላለስ ጀመረ።

መኪና መግዛት ያልቻለው ሠራተኛ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተጋርቶ መሳፈር ቻለ። አዲስ አበባ ላይ በውይይት ታክሲ ተጠጋግቶ የሄደ ሰው ይህ አሠራር አይጠፋውም። በ1915 ዊክማን ተፎካካሪው ከነበረው ራልፍ ቦጋን ጋር ተሻረከና መስመሩን እስከ ዱሉት አራዘሙት። ያ ሥራ እያደገ ሄዶ ነው ዛሬ መላው አሜሪካ የሚያውቀው የግሬይሀውንድ አውቶቡስ የሆነው። ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የተጓዝንበት አውቶቡስ መነሻው ሥራ የፈታ ስደተኛና ሳይሸጥ የቀረ መኪና ነው።

መኪናው ቢኖርም መንገዱ ገና ነበር። ከዱሉት ወደ ካናዳ የሚወስደው የሐይቁ ዳር መንገድ ፒጀን ከሚባለው የድንበር ወንዝ ሲደርስ ድልድይ አልነበረውም። ሁለቱ መንግሥታት እስኪስማሙ መጠበቅ የሰለቻቸው የሁለቱ ወገን ነዋሪዎች ተባብረው በ1917 ድልድዩን ሠሩት። ከዋሽንግተንም ከኦታዋም ፈቃድ ስላልነበረው «ሕገ ወጡ ድልድይ» ተብሎ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ የሚኒሶታ ሕዝብ ቻርልስ ባብኮክ ያራመደውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በድምፁ አጸደቀና ክፍለ ሀገሩ 70 ዋና ዋና መንገዶችን እንዲሠራና እንዲጠብቅ ግዴታ ገባ።

የመኪናውም ዋጋ ወደ ሠራተኛው ኪስ ወረደ። በ1908 ሲወጣ 850 ዶላር ይሸጥ የነበረው የፎርድ ሞዴል ቲ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ሆነ። በ1925 ፎርድ በሴንት ፖል ሃይላንድ ፓርክ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ትልቅ ፋብሪካ ከፈተ። ኃይሉን ከወንዙ ግድብ፣ ለመስተዋት የሚሆነውን አሸዋ ደግሞ ከፋብሪካው ሥር ከተቆፈረ ዋሻ ያገኝ ነበር። ይህ ፋብሪካ የመጨረሻዋን ሬንጀር ያስወጣው ዲሴምበር 16 ቀን 2011 ነው። ዛሬ በቦታው መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውበታል።

በዚያው በ1925 በሴንት ፖሉ የ3ኤም ኩባንያ የሚሠራ ዲክ ድሩ የሚባል ሰው፣ መኪና ቀቢዎች ሁለት ዓይነት ቀለም ሲቀቡ ቀለሙ እየተቀላቀለ ሲያስቸግራቸው አይቶ የወረቀት ፕላስተር ሠራላቸው። እንደሚተረከው ማጣበቂያው በዳርና ዳሩ ብቻ ስለነበር አንድ ቀቢ ተናዶ ኩባንያውን እንደ ስኮትላንድ ሰው ቆንቋና ነው ብሎ ሰደበው። «ስኮች» የሚለው የፕላስተር ስም ከዚያ ስድብ የመጣ ነው ይባላል።

ይህ የመኪና ፍቅር እስካሁን አልበረደም። በየዓመቱ በጁን ወር በክፍለ ሀገሩ የትርዒት ሜዳ በሚደረገው የአሮጌ መኪናዎች በዓል እስከ 1964 የተሠሩ ከ10,000 በላይ መኪናዎች ይሰለፋሉ። እኛ ዘወትር የምንመላለስበት የሴንት ፖል ዩኒቨርሲቲ ጎዳናም የእነዚህ መኪናዎች መንሸራሸሪያ ነበር። በ1953 የተከፈተው ፖርኪስ የተባለው ሃምበርገር ቤት እስከ ተዘጋበት እስከ 2011 ድረስ የመኪና ወዳዶች መሰብሰቢያ ነበር። በአዲስ አበባ ቮልስ ወይም ፊያት ሴቼንቶ እያጠበ ያደገ ሰው፣ ከእነዚህ ሽማግሌዎች ጋር ቆሞ ቢያወራ ቋንቋ አይቸግረውም። ሞተር ሲከፈት ሁሉም አንገቱን ያስገባል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ይህን መዝለል ታሪክን ማጉደል ይሆናል። ጁን 15 ቀን 1920፣ ሚኒሶታ የመንገድ ማሻሻያውን ባጸደቀችበት በዚያው ዓመት፣ ከሰርከስ ጋር ዱሉት የገቡ ሦስት ጥቁር ወጣት ሠራተኞች፣ ኤልያስ ክሌይተን፣ ኤልመር ጃክሰንና አይዛክ መጊ፣ በሐሰት ተወንጅለው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከእስር ቤት አውጥቶ ሰቀላቸው። የሞቱት ለሥራ በመጡበት ባዕድ ከተማ ነው። ከተማይቱ የመታሰቢያ ሐውልት ያቆመችላቸው በ2003፣ ከ83 ዓመት በኋላ ነው።

በ1936 ደግሞ የኒውዮርክ ሀርለም ነዋሪና ፖስታ አዳይ የነበረው ቪክቶር ሁጎ ግሪን፣ ጥቁር መንገደኛ ሳይዋረድ የሚያድርበትን፣ የሚበላበትንና ነዳጅ የሚቀዳበትን ቦታ የሚያመለክት «ግሪን ቡክ» የተባለ መምሪያ ማሳተም ጀመረ። መጽሐፉ ለ30 ዓመት ያህል ታትሟል። ጥቁር ቤተሰብ ለጉዞ ሲነሳ ከካርታው ጎን ይህን ይይዝ ነበር።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። ጁላይ 6 ቀን 2016፣ ከላይ ከጠቀስነው የትርዒት ሜዳ ብዙ ሳይርቅ፣ በላርፐንተር ጎዳና ላይ፣ የሴንት ፖል የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ የነበረውን ፊላንዶ ካስቲልን ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ ተኩሶ ገደለው። ፖሊሱ በ2017 በዳኞች ነጻ ተባለ። ልጆቻችንን መንዳት ስናስተምር ፍሬንና ማርሽ ብቻ የማናስተምረው ስለዚህ ነው።

የእኛም የስደት ታሪክ ከመኪናና ከነዳጅ ጋር ዝምድና አለው። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር በአዲስ አበባ ቤንዚን ተወደደ። በየካቲት ወር ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ ተነሱ። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነስ ቢያደርግም ነገሩ አልበረደም፤ የዘውዱ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ወይም ወላጆቻችን አገር ጥለው የወጡት ያ አብዮት ባስከተለው እሳት ነው። እዚህም ስንደርስ ብዙው ወንድማችን እንጀራውን ያገኘው ከመሪ ጀርባ ተቀምጦ ነው። በታክሲ፣ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በመኪና ማቆሚያ። ሌላውን ወደ ዕረፍቱ ስናደርስ እንውላለን፤ የራሳችንን ቤተሰብ ግን ከከተማ አላወጣንም። ልጅ አባቱን ሲነዳ እንጂ ሲጓዝ ካላየ፣ መኪና ለእሱ ዕዳ እንጂ ነጻነት አይመስለውም።

ታዲያ ጉዞው ምን ያህል ይፈጃል? ከሚኒያፖሊስ ዱሉት 150 ማይል ያህል ነው። ከዱሉት በሀይዌይ 61 እስከ ካናዳ ድንበር ሌላ 150 ማይል ያህል ይሆናል። ደርሶ መልስ 600 ማይል። በጋሎን 25 ማይል የምትሄድ መኪና 24 ጋሎን ትፈልጋለች። ለአራት ጓደኛሞች ሲካፈል በሰው ስድስት ጋሎን ነው። ለእራት ተጠራርተን ከምናወጣው አይበልጥም። ስንቁ ከቤት ይሁን፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፔርሙስ ሻይ። መኪናዋ አሮጌ ከሆነች ከመነሳት በፊት የራዲያተሩን ውሃ፣ ዘይቱን፣ ፍሬኑን፣ ቺንጊያውንና ትርፍ ጎማውን ማየት ነው። መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀት በቅርብ ይቀመጥ።

ዱሉት ሲገቡ ሱፒሪየር ሐይቅ ይታያል። ስፋቱ የጣናን ከ20 ጊዜ በላይ ያህላል። ከተማው ውስጥ በፈርስት ስትሪት ጥግ የሦስቱ ወጣቶች ሐውልት አለ፤ ልጆችን ይዞ ጥቂት መቆም ይገባል። ከቱ ሃርበርስ አለፍ ሲል ሲልቨር ክሪክ ገደል ይመጣል። በ1994 ዋሻው እስኪከፈት ድረስ መንገዱ በገደሉ አፋፍ ላይ ነበር የሚያልፈው። ቀጥሎ የጉዝቤሪ ፏፏቴ አለ፤ ጎብኚዎች ማዕከል ዘንድ መኪና ለማቆም አይከፈልም። ከዚያ በ1910 የተሠራው የስፕሊት ሮክ የመርከብ ማሳያ መብራት ይገኛል። ሲሠራ መንገድ ስላልነበረ ዕቃው ሁሉ ከሐይቁ ላይ በማንሻ ወደ ገደሉ አናት እየተሳበ ነው የወጣው። መመለሻው ላይ አንድ ቀን የተረፈው ሰው ከዱሉት ወደ ሂቢንግ ታጥፎ የዊክማንን ከተማ ይይ።

በዚያ መንገድ ላይ አሮጌ መኪና ስትግል ቆሞ ውሃ የሚሰጥ፣ ገመድ የሚያውስ፣ የሚገፋ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው የቆመው ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ እሱንም አንድ ቀን የገፋው አለ። እናንተም ቆሞ የቀረ ሲታያችሁ አትለፉት። የመንገዱ ዕዳ የሚከፈለው በዚህ ነው። በጋው ሳያልፍ ጓደኞቻችሁን ጥሩ፣ ሂሳቡን ተካፈሉ፣ ልጆቹን ከኋላ ጫኑ።

መልካም መንገድ! በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።