ደዌ የገባበት በር፤ ስለ ሰሜን ሸዋ ከብትና በግ

የሰሜን ሸዋ ሰው፣ የእንስሳት ሐኪም የሚባል ባለ ሙያ ወደ አገሩ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ የከብቱን ሕማም ለይቶ የሚያውቅበት የራሱ ጥበብ ነበረው። ከአንኮበር አፋፍ እስከ መንዝ ያለው ባላገር፣ በሬው ማመስኳቱን ሲተው፣ ጆሮው ሲወድቅ፣ አፍንጫው ሲደርቅ፣ ጠጉሩ ሲቆም እያየ፣ ይህ አባ ሰንጋ ነው፣ ያ አባ ጎርባ ነው፣ ያኛው ሳምባ ነው እያለ ይለያል፤ ለይቶም በጋለ ብረት ይተኩሳል፣ ደም ያወጣል፣ በቅጠል ያጥናል፣ ይህ ሁሉ አልሆን ሲለውም ጠበል ይረጫል። ይህ ዕውቀት አብዛኛው በቃል የተላለፈ እንጂ በብራና የሰፈረ ባለመሆኑ ከባለቤቶቹ ጋራ ወደ መቃብር መውረዱ እጅግ የሚያሳዝን ነው። ነገር ግን ያ ጥበብ የሚያውቀው በአገር ውስጥ የኖረውን ደዌ ስለ ነበረ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው መቅሠፍት ሲደርስ መላው ጠፋው።

መቅሠፍቱም የከብት ደስታ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ግድም፣ የኢጣልያ ጦር በምጽዋ ካወረዳቸው ከብቶች ጋራ ወደ አገራችን እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ ከዚያም ትግራይንና ወሎን አቋርጦ ብዙ ሳይቆይ ሸዋ ደረሰ። የታመመው በሬ በመጀመሪያ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ቀጥሎ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ድዱና ምላሱ ይቆስላል፣ ሆዱም ተቅማጥ ሆኖ ይፈስሳል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ይወድቃል። በየመንደሩ የተተኮሰውም ያልተተኮሰውም በአንድነት አለቀ፤ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ እንዳለቀም ይገመታል። በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ስለ ተሳነው፣ የዝናቡ መቅረትና የአንበጣውም መዓት ስለ ተጨመረበት፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን የሚለው ረኃብ እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ጸና፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም መኳንንቱ በእጅ መቆፈርን እንዳይንቁ ብለው እርሳቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። በአንጎለላ ተወልደው፣ ከብቱ በበዛበት በዚህ ደጋ ያደጉት ንጉሥ ያንን ዶማ ሲያነሡ ምን ተሰምቷቸው ይሆን!

ለዚህ ደዌ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ የተገኘለት ክትባት ነው። በ1950ዎቹ በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ ከብቱ በየአውራጃው በዘመቻ ሲከተብ፣ በሽታው ከደጋው ለቅቆ ወደ ቆላው ሸሸ፤ ከመጨረሻዎቹ መሸሸጊያዎቹም አንዱ ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል የሚታየው የአፋር ምድር ሆነ። መኪና የማይደርስበት፣ ክትባቱን የሚያቀዘቅዝ በረዶ የማይቆይበት ያ በረሃ በሐኪም ብቻ የሚሸፈን አልነበረም፤ ስለዚህ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሰጥቷቸው፣ ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች የገዛ ወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ። ይህን ሥራ ከዚያ ዘመን ታላላቅ ሥራዎች እንደ አንዱ እቈጥረዋለሁ። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ ደዌው ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱ በሮም ታወጀ።

የበጉ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ጨፌ የሚሰማራው የመንዝ በግ ከጥንት ጀምሮ የሚሠቃየው በጉበት ትል ሲሆን፣ ትሉም ዕድሜውን በሁለት ቤት ይካፈላል፤ እንቁላሉ ከበጉ በጠጥ ጋራ ወደ ረግረጉ ይወርዳል፣ በዚያ ካለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ገብቶ ይራባል፣ ከእርሷም ወጥቶ በሣሩ ላይ ተጣብቆ የሚግጠውን በግ ይጠብቃል። አስተዋይ እረኛ የበጉን የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣቱ ገልበጥ አድርጎ ያያል፤ ቀይ መሆን የሚገባው ሥጋ ነጥቶ፣ ከመንጋጋው ሥርም ውኃ የቋጠረ እብጠት ካገኘ፣ ትሉ ደሙን እንደ ጨረሰው ያውቃል። ትሉን የሚገድል መድኃኒት አለ፤ ሆኖም የተፈወሰው በግ ወደዚያው ጨፌ ቢመለስ ሕማሙ ይመለስበታል።

በባሕር ማዶ የጨው ውኃ ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎችም ይህንኑ ሥርዓት በሚገባ ያውቁታል። የዓሣውን ገላ በነጭ ነጥብ የሚሸፍነው ተውሳክ ከዓሣው ላይ ወርዶ በገንዳው ወለል ይራባል፤ በገንዳው ውስጥ የሚጨመረው መዳብም የሚገድለው ተውሳኩ በውኃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለቤት አዲስ ዓሣ ሲገዛ፣ ጤነኛ ቢመስለውም፣ ሳምንታት ያህል በሌላ ገንዳ ለይቶ ያቆየዋል።

ከውጭ የሚገባ በግም እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያሻዋል። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በደብረ ብርሃን የተቋቋመው የበግ ማራቢያ ማእከል፣ ለገበሬው ሥጋና ጠጉር ለማብዛት በነበረው በጎ አሳብ፣ አዋሲን የመሰሉ የውጭ ዘሮች እያስመጣ ከመንዙ በግ ጋራ አዳቀለ፤ ድቅሎቹም አውራ በጎች ለገበሬው ታደሉ። በ1990ዎቹ ግን በማእከሉ በጎች መካከል፣ ሳምባን ቀስ በቀስ የሚያደርቅ፣ በጉን ለዓመታት ሳይታይበት ኖሮ በመጨረሻ የሚያከሳና ትንፋሽ የሚያሳጥር ተላላፊ ደዌ መኖሩ በምርመራ ተገለጠ። ይህ ደዌ በ1925 ዓ.ም. ከጀርመን በተገዙ 20 ካራኩል በጎች ወደ አይስላንድ ገብቶ የዚያን ደሴት መንጋ ያወደመው ነው፤ አይስላንዳውያን ያጠፉትም በመድኃኒት ሳይሆን የየአውራጃውን በግ ጨርሰው በማረድ ነበር። ክትባትም ሆነ ፈውስ እስከ ዛሬ የለውም፤ እንደ ዓሣው ለአንድ ወር ለይቶ ማቆየትም አይገልጠውም፣ ደም መመርመር እንጂ።

ስለዚህ በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ አውራ በግ የምታድሉ ወገኖች፣ ደሙ ያልተመረመረ አውራ ለገበሬ አትስጡ፤ ገበሬውም ከመቀበሉ በፊት ምርመራውን ይጠይቅ።