ከፊደል ገበታ እስከ አረንጓዴዋ ኮምፒውተር

በኢትዮጵያ የሕፃናት ትምህርት የመጀመሪያው መሣሪያ ፊደል ገበታ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ገበታውን ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ፣ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ በዜማ ይቆጥራል። ዜማው ቶሎ በቃል ይያዛል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ልጁ ዓይኑን ውጭ ጥሎ በአፉ ብቻ ሊቆጥር ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው። በ«አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» ተራ ፊደሉም ቅርጹም በአንድ ጊዜ ስለሚለዋወጥ የቃል ጥናት አያድንም፤ ልጁ የግድ ማየት አለበት። የኔታም ማን እንደለየ፣ ማን እንደሸመደደ ወዲያው ያውቃሉ። አንድ ገበታ ማስተማሪያም መፈተኛም ሆኖ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመጡት መሣሪያዎች ይህን ያህል የታሰበባቸው ጥቂቶች ናቸው።

ገበታው በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ለማግኘት ቀላል አልነበረም። ይህን የለወጡት ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ናቸው። በወጣትነታቸው ፊደል በእጃቸው እየጻፉ ይሸጡ ነበር፤ በኋላም በራሳቸው ማተሚያ ቤት እያተሙ ገበታውን ማንም በጥቂት ሳንቲም ሊገዛው የሚችል ዕቃ አደረጉት። የእሳቸው ገበታ ያልገባበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

ዘመናዊው የመንግሥት ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ አብረው ገቡ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ልጅ በየራሱ ገበታ ላይ አቀርቅሮ ነበር የሚማረው፤ ሰሌዳው ግን የሁሉንም ዓይን ወደ አንድ ግድግዳ አዞረ። የትምህርት ቤቱ መልክ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ሬዲዮ ወደ ክፍል የገባው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። መንግሥት ለትምህርት ብቻ የሚያገለግሉ ማሰራጫ ጣቢያዎችን በየክፍለ ሀገሩ ተከለ፤ ትምህርቱም በወጣለት የጊዜ ሰሌዳ ይተላለፍ ጀመር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ የሬዲዮ ትምህርቱም በየክልሉ ቋንቋ ይዘጋጅ ጀመር። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ በመደረጉ ደግሞ ሬዲዮ ሌላ ሸክም ተሸከመ፤ ቋንቋውን እምብዛም ሳይናገር የሚያስተምር መምህር ብዙ ነበርና።

የዚህ የእንግሊዝኛ ትምህርት አካሄድ ቀላል ነው። መምህሩ ሬዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ከሬዲዮኑ የሚወጣው ድምፅ ይጠይቅና ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ በዝምታው ውስጥ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ቀጥሎ ትክክለኛው መልስ ይሰማል። ተነሡ ሲባል ይነሣሉ፤ ዘምሩ ሲባል ይዘምራሉ። መምህሩም ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ይማራል። ይህን ሁሉ የሚያቋርጠው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፦ ባትሪ ድንጋይ ያልቅና መግዣ ይጠፋል።

ከሬዲዮው ጎን ለጎን የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የሚባለው ክፍል በየትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። መምህራንና ተማሪዎች ከካርቶን ካርታ፣ ከጭቃ የእንስሳት ቅርጽ፣ ከቆርኪ የሒሳብ መቁጠሪያ ይሠሩበት ነበር። ስሙ በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ ሊነሣ ግን ይገባዋል፤ ሲሰበር እዚያው የሚጠገን መሣሪያ ያወጣ ማዕከል ነውና።

ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥርጭት ቢጀምርም፣ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበረው ድርሻ ከከተማ ብዙም አልራቀም። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የመጣው፣ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ የተሰጠው ለሁለተኛ ደረጃ ነው።

ኮምፒውተር ወደ ሕፃናቱ እጅ የደረሰው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የጀመረው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» ፕሮጀክት በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን ለአዲስ አበባና ለገጠር አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አከፋፈለ። ኤክስ ኦ ትባላለች፤ አረንጓዴና ነጭ፣ ውኃና አቧራ እንዳያስገባ በጎማ የተሸፈነ መተየቢያ ያላት፣ ከላይዋ እንደ ጥንቸል ጆሮ የሚቆሙ ሁለት አንቴናዎች የተገጠሙላት። ስክሪኗ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል። ከሁሉ በላይ ግን መተየቢያዋ ላይ የግዕዝ ፊደል ታትሞባታል። ሕፃኑ የገበታውን ፊደል እንደገና አገኘው ማለት ነው።

መምህራን ግን ተቸገሩ። አንድ መጽሐፍ ለሁሉ እያነበበ ማስተማር የለመደ መምህር፣ እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ሥዕልና ድምፅ ሲከፍት ክፍሉን መሰብሰብ አቃተው። መብራት በሌለበት ቻርጅ ማድረግም ሌላ ፈተና ነበር። በአንጻሩ የኔዘርላንድ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላፕቶፑን የተጠቀሙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ረቂቅ ነገርን በማመዛዘን ከሌሎቹ እንደበለጡ አሳይተዋል። ዕውቀቱ ከልጁ ጋር ወደ ቤት ይሄድ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የሚቀበለው መምህር ግን አልተዘጋጀም።

በ2004 ዓ.ም. ያው ፕሮጀክት መምህሩን ጨርሶ የተወ ሙከራ አደረገ። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌላቸው ሁለት መንደሮች፣ ለአንደኛ ክፍል ዕድሜ ለደረሱ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶች ተሰጡ። መመሪያ አልነበረም። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባለሙያ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይራል፤ ልጆቹ ምን እንደነኩ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር አጠኑ፤ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራም ራሳቸው ከፈቱት። ነገሩ በዓለም ተወራ። የልጆቹ ብልህነት አያጠያይቅም፤ ታብሌቱ ግን የተሞላው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ፊደል አላስቆጠራቸውም።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቴሌቪዥን ተመደበ፤ በከተማ ስልክ ያላቸው ወላጆች በቴሌግራም ማስታወሻ ይቀባበሉ ጀመር። ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ግን የክልል ትምህርት ቢሮዎች የመረጡት ያንኑ የ1960ዎቹን መሣሪያ፣ ሬዲዮን ነበር። ሬዲዮ ባለበት ቤት ልጆች እንደገና ከበውት ተቀመጡ።