አንድ ታርጋ፣ አራት መኪና

ወንድሜ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያስቀድምም። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አንድ ማታ ከደባርቅ ደወለና «ሞተር ተገኘ» አለኝ።

«የት?»

«ጎንደር። የተገለበጠ ነው። አካሉ አልቋል፤ ሞተሩን ግን ምንም አልነካው።»

«ሰውስ?»

ዝም አለ። ዝም ሲል ገባኝ።

የወንድሜ መኪና አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ከጃፓን ስትመጣ እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ። መጀመሪያ አንድ የእርዳታ ድርጅት አገለገለች፤ ድርጅቱ በጨረታ ለነጋዴ ሸጣት፤ ነጋዴው እስኪሰለቻት ነድቶ ለወንድሜ አስተላለፋት። ሥራዋ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከደባርቅ ገበያ ገብስና ድንች ትጭናለች። ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የቱሪስት ስንቅ ታወጣለች። የቢራ ሳጥን፣ በግ፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ምጥ የያዛት ሴት። ወንድሜ «ጨነቅ የሚለውን ስም ያወጣው ሾፌር መሆን አለበት» ይላል። ስሙ ከመኪና በፊት የነበረ መሆኑን ብነግረው «እንግዲያው ነቢይ ነበር» አለኝ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ሊማሊሞን ጭና ስትወጣ ውሃ ፈላባትና ቴስታታዋ ተሰነጠቀ። ቴስታታ ለማያውቀው አንባቢ የሞተሩ ራስ ማለት ነው። የደባርቁ መካኒክ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ናቸው፤ ወንድሜ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ኮፈኑን ከፍተው ብዙም አልደከሙ፤ የራዲያተሩን ክዳን ፈተው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ይኼ የሷ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። የሷ ጠፍቶ ከሌላ መኪና ያመጣሁት ነው።»

«እሱ ነው የገደላት።»

እኔ በኋላ ነው የገባኝ። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ደግሞ በ88 ይፈላል። በቆላ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በደጋ ከዚያ በታች የሚፈላው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። የራዲያተር ክዳን ውሃውን አምቆ ይዞ መፍያውን ከፍ ያደርጋል። የክዳኑ ሞላ ከላላ ሞተሩ ገና ሳይግል ውሃው ይፈላል፣ ይተናል፣ ራዲያተሩ ባዶውን ይቀራል። ያቺ ለሁለት የምግብ ቤት ምሳ በማይበቃ ገንዘብ የተገዛች የሌላ መኪና ክዳን አንድ ሞተር በላች። ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ ሁሉ መድኃኒት አለመሆኑን ማንም ከመጻፉ በፊት ጋሼ ያውቁታል።

አዲስ ቴስታታ አይታሰብም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ወደ አገር ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። መንግሥት ምክንያት የለውም አልልም፤ ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነው። ግን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ገብስ ጭኖ ቧሂትን እስኪሻገር ድረስ የደባርቅ ሰው ያለችውን ነው የሚያክመው። ያለችውን ማከም ማለት ደግሞ የሞተ መኪና መፈለግ ነው። መካኒኮች «ማረድ» ይሉታል። አንዱ ይታረዳል፣ ሌላው ይቆማል።

ወንድሜ ለሰባት ወር የሚታረድ ሲፈልግ ፒክአፗ በድንጋይ ላይ ቆማ ከረመች። በዚያ መሐል ወደ አገር ቤት የሄድኩ ዕለት ጋሼ አካሏን እየነኩ ታሪኳን ነገሩኝ። የግራ በሯ ሰማያዊ ነው፤ ከአንዲት ባሕር ዳር ከተጋጨች ሃይሉክስ የመጣ። ካምቢዮዋ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ነው። የኋላ ባሌስትራዋ ላይ አንድ የላንድክሩዘር ቅጠል ተጨምሯል። የራሷ የሆነውን ብጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «ታርጋዋ» አሉኝ።

ልብ ብዬ ያዳመጥኩት ግን ቋንቋቸውን ነበር። ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ክሪክ። መኪናዋ ጃፓን፣ መካኒኩ የደባርቅ ሰው፣ ቋንቋው ጣሊያን። ሊብሬውም፣ ቦሎውም፣ ታርጋውም የጣሊያን ቃል ነው። መኪና የሚለው ስሙ ራሱ ከዚያው የመጣ ነው። አምስት ዓመት የገዛን ጠላት ሲወጣ ብዙ ነገር ጥሎ ሄደ፤ ከጣለው ሁሉ ሳይበላሽ የሚሠራው ይኼ ቃል ይመስለኛል።

መኪና ኢትዮጵያን ያየው ከጣሊያን በፊት ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ ይዞ መጣ። ነገር ግን ያ የቤተ መንግሥት መኪና ነው። ወደ ሰሜን ጎንደር መኪና የመጣው በጦርነት ነው። የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር ይዞ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። የሚገርመው በሰሜን ተራራ በኩል አልመጣም፤ አይችልምም። ከኤርትራ ተነስቶ በኦምሐጀር፣ በወልቃይት ቆላ ዞሮ ነው የመጣው። ያ ሁሉ ሞተር የሊማሊሞን ገደል ሸሽቶ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጣሊያኖች አስመራን ከጎንደር ለማገናኘት ሊማሊሞን የቆረጡት። ዛሬም የሰሜን ጎንደር ሾፌር በእያንዳንዱ መታጠፊያ እየሰደበም እያመሰገነም የሚያልፍበት መንገድ ነው። የጉልበቱን ሥራ ማን እንደሠራው፣ ስንት ሰው ገደል እንደገባ ከመንገዱ ዳር የተጻፈ ነገር አላየሁም።

ሲሸነፉም እዚያው ነው የቆሙት። አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች በኋላ በወልከፊት፣ ከደባርቅ አፍንጫ ሥር፣ ኮሎኔል ጎኔላ ሦስት ሺህ ገደማ ጦር ይዞ ለወራት መሸገ። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበውት መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው። ጄኔራል ናሲ ደግሞ ኅዳር 18 ቀን ጎንደር ላይ ተከተለው። የጣሊያን የመጨረሻው ምሽግ በእኛ አገር ወደቀ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር በትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም። እንግሊዞች ጣሊያን የተወውን ማሽንና ተሽከርካሪ እንደ ምርኮ ቆጥረው ወደ ሌሎች ግዛቶቻቸው አጋዙት። መንገድ አለ፣ መኪና የለም። የቀረው የተሰባበረው፣ ገደል የገባው፣ ማንም ያልፈለገው ነው። እዚሁ ቀርተው ጋራዥ የከፈቱ ጣሊያኖችና አጠገባቸው ቁልፍ ሲያቀብሉ የዋሉ ልጆች ከሁለት የተሰበረ ካሚዮን አንድ የሚሄድ ማውጣትን ተማሩ። ቁልፍ አቀባዩ ረዳት ሆነ፣ ረዳቱ መካኒክ ሆነ፤ ጋሼም የዚያ ትውልድ የልጅ ልጅ ናቸው። በኋላ ፊያቱ «ኤንትሬ» ሲመጣ እጁ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ጋና ውስጥ ኩማሲ ከተማ ሱዋሜ ማጋዚን የሚባል ግዙፍ የጋራዥ ሰፈር አለ፤ ኩባም እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ የንግድ ማዕቀቡን ካጠናከረችባት ጀምሮ የ1950ዎቹን የአሜሪካ መኪኖች በሩሲያ ሞተር ስትነዳ ኖራለች። የኛን ከእነሱ የሚለየው ማንም ፎቶ አንስቶ ፖስት ካርድ አለማድረጉ ነው።

የሞተ ብረት በእኛ አገር አይጣልም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወሉ በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የካሚዮን ቸርኬ ነበር፤ በቡሎን ሲመታ ቁልቁል ያሉ እረኞች ይሰሙታል። የተሰበረ ባሌስትራ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ማረሻና ማጭድ ይሆናል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። በርሜል ተዘርግቶ በር ይሆናል። የመድፍ ቀለህ ለቤተ ክርስቲያን ደወል የሆነበትም አለ። ገበሬው በሬ ሲያርድ ቆዳውን፣ ቀንዱን፣ ጅማቱን እንደማይጥል ሁሉ መኪናም እንዲሁ ነው።

እንዲያውም ሰሜን ይኼን ነገር ከመኪና በፊት ያውቀዋል ባይ ነኝ። ፒክአፗ ጨነቅን አልፋ፣ ቧሂትን ተሻግራ ወደ ጃን አሞራ ስትወርድ ደረስጌ ማርያም አለች። ደጃዝማች ውቤ ጀርመናዊውን ሺምፐርን ይዘው አሠርተው፣ ሊነግሡባት አሰናድተዋት ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ እዚያው አጠገብ ድል አደረጓቸውና፣ በውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ ለውቤ በተሰናዳው ሥርዓት ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከተሸናፊው ፈትቶ ለራስ መግጠም ከዚህ በላይ ምን አለ?

ይቅርታ፣ ወደ ሞተሩ ልመለስ።

የቶዮታ ኤል ሞተሮች ወንድማማቾች ናቸው። የወንድሜ «ቱ ኤል» 2.4 ሊትር ነው፤ ጎንደር የተገኘው «ስሪ ኤል» 2.8። የሚቀመጡበት አንድ ነው፣ ከካምቢዮ ጋር ያለ ብዙ ጣጣ ይጋጠማሉ። ለጨነቅ ደግሞ የሚበልጠው ትልቁ ነው፤ እዚያ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ ጋሼ ሄደው አዩት፤ ዘይቱን በጣታቸው አሽተው «ግዛው» አሉ።

እናታችን ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። «የማን ነው?» አለች።

«የሰው ነው እማዬ፣ የማን ይሆናል።»

«የሰው መሆኑንማ አውቃለሁ። የማን?»

ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሌሊት ከመተማ ሲመለስ ነው የተገለበጠው። እናታችን ይኼን ስትሰማ «ለቅሶ ሳትደርስ ሞተሩን እንዳትነካ» አለችው። ወንድሜ አጉረመረመ። ከሶማሌ ተራ ካምቢዮ ሲገዛ የማን እንደነበር ማን ጠየቀው? እዚያ ጠዋት የተሰረቀብህን ስፖኪዮ ከሰዓት ገዝተህ አመስግነህ ትመለሳለህ ይባላል። የአገራችን የመለዋወጫ ገበያ አንዱ ደዌ ይኼ ነው፤ የሞተውና የተሰረቀው አንድ መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ ገዢውም አለመጠየቅን ለምዷል። እኔም ለምጃለሁ፤ አዲስ አበባ የምነዳት መኪና የግራ መብራት ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ያም ሆኖ ሄደ። የልጁን አባት አገኛቸው፣ ዳስ ፈርሶ ስለነበር ቤት ገብቶ ተቀመጠ፣ «እግዜር ያጥናዎት» አለ። በዋጋ አልተከራከረም። እሳቸውም አልተከራከሩም።

ሞተሩ በአራት ቀን ገባ። ክዳኑ በአዲስ ተተካ፤ ጋሼ ራሳቸው ሱቅ ድረስ ሄደው መረጡት። ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ መጣ። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ፣ ሞተር የቀየረ ሰው ሻጩን ይዞ ቀርቦ ማስመዝገብ አለበት። ወንድሜ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ አንዴ ኃላፊው የለም፣ አንዴ መብራት የለም፣ አንዴ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በአራተኛው ሽማግሌው አባት መጥተው ፈረሙ።

ከቢሮው ሲወጡ ፒክአፗ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ወንድሜ ቶሎ ሊሰናበታቸው ፈልጎ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ መኪናዋ ሄዱ። ሰማያዊውን በር አዩት። በወጣትነታቸው ጎንደርና አስመራ በኤንትሬ ይመላለሱ እንደነበር፣ ሊማሊሞን በሌሊት እንደሚያውቁት ነገሩት።

«እስቲ አስነሳት» አሉት።

አስነሳት። ኮፈኑን አስከፍተው፣ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ወንድሜ እግዜር ያውቃል ምን እንደሚሉኝ ብሎ መሪውን ጨብጦ ጠበቀ።

ቀና አሉና «ሦስተኛው ቫልቭ ትንሽ ይጮኻል» አሉት። «እሱ እያለም ይጮህ ነበር። ሳትጭን አስተካክለው።»