ሽመናና ንግግር፦ በሆሜር ኤፒኮች የሴት ገጸ ባሕርያት አሳሳል

የ«ኢሊያድ»ንና የ«ኦዲሴ»ን ሴቶች ታማኝ ሚስት፣ አሳሳች ቆንጆ፣ ባል ገዳይ እያሉ መመደብ የተለመደ ነው። ምደባው በግጥሞቹም ውስጥ አለ። ይሁንና የማን ቃል ነው? በ«ኦዲሴ» 24ኛ መጽሐፍ ፔኔሎፔን አሞግሶ ክሊቴምኔስትራን የሚያወግዘው፣ ነውሯም ለደጋግ ሴቶች ሁሉ እንደሚተርፍ የሚናገረው የአጋሜምኖን ነፍስ ነው፤ በሚስቱ ሴራ የሞተ ባል። ተከሳሿ በሁለቱም ኤፒኮች አንዲት ቃል እንኳ በራሷ አንደበት አትናገርም።

ተራኪው ራሱ ሲያሳይ ግን ሥዕሉ ይሰፋል። ሽመናን እንመልከት። (በአገራችን መፍተል የሴት፣ መሸመን በአብዛኛው የወንድ ሥራ ነው፤ በሆሜር ዓለም ሁለቱም የሴት ናቸው።) በ«ኢሊያድ» 6ኛ መጽሐፍ ሄክቶር አንድሮማኬን፣ በ«ኦዲሴ» 1ኛ መጽሐፍ ቴሌማኮስ እናቱን ተመሳሳይ በሆኑ ስንኞች ወደ ሽመናቸውና ወደ ፈትላቸው ይመልሷቸዋል። ሄክቶር ለወንዶች የሚያስቀረው ጦርነትን ሲሆን ቴሌማኮስ ንግግርን ነው። አንድሮማኬ እኮ የቅጥሩን ደካማ ጎን አመልክታ የጦር ምክር መስጠቷ ነበር!

የተመለሱበት ሥራም ዝምታ አይደለም። ሔለን በ«ኢሊያድ» 3ኛ መጽሐፍ የምትሸምነው የትሮያና የግሪክ ተዋጊዎችን ፍልሚያ ነው፤ ገጣሚው በቃል የሚሠራውን እርሷ በድርና ማግ ትሠራዋለች። ፔኔሎፔ ደግሞ የአማቷን የላኤርቴስን መግነዝ ቀን እየሸመነች ሌሊት እየተረተረች፣ ሊያገቧት የመጡትን ወንዶች ሦስት ዓመት ታታልላለች።

ይህን ሁሉ ስናደንቅ የምንረሳቸው ሴቶች አሉ። በ«ኦዲሴ» 22ኛ መጽሐፍ ከቤቱ 50 ሴት ባሪያዎች 12ቱ ከእነዚያ ወንዶች ጋር ተኝተዋል ተብለው ይሰቀላሉ። ኦዲሴዩስ በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ወንዶቹን ሲከስ ሴቶቹን አስገድዳችሁ ተኝታችኋል ብሏቸው ነበር! ተራኪው አሟሟታቸውን በወጥመድ ከተያዙ ወፎች ጋር ያመሳስለዋል፤ እግራቸው ለጥቂት ጊዜ ተንፈራገጠ ይላል።

ቴሌማኮስ ሞት ሲፈርድባቸው የግሪክኛው ጽሑፍ ስድብ የለውም፤ የሚጠራቸው የሴት ብዙ ቁጥርን በሚያመለክት ቃል ብቻ ነው። «ጋለሞቶች» የሚል ስድብ የጨመሩት አንዳንድ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ሲሆኑ፣ ኤሚሊ ዊልሰን በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ትርጉም ይህን ትታዋለች። በአማርኛ «እነዚያ» ጾታ ስለማይለይ፣ ተርጓሚው አንድ ስም መጨመሩ አይቀርም፦ ሴቶች፣ ገረዶች፣ ባሪያዎች ወይስ ጋለሞቶች?